«ሲ» ይዞ ማመልከት

ስለ ገዛ ውጤት በአደባባይ መጻፍ ብዙም ደስ አይልም። ግን ዘንድሮ ውጭ ሊያመለክቱ ያሰቡ ልጆች ላውንጅ ባገኙኝ ቁጥር ስለሚጠይቁኝ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብያለሁ።

የተመረቅኩት በሒሳብ ነው፤ ጂፒኤዬ 2.91። «ሰቃይ» ከሚባሉት አልነበርኩም። ሪል አናሊሲስ «ሲ»፣ ፕሮባቢሊቲ «ቢ» ነው ያለኝ። እንዲህም ሆኖ ኳንቲታቲቭ ፋይናንስ ካልተማርኩ ብዬ ተነሳሁ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ወጥቶ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የአክሲዮን ዋጋ በምን ይሰላል የሚለው ነገር ያዘኝ። ብላክና ሾልስ በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን የኦፕሽን ቀመር ሳየው ደግሞ፣ ተለዋዋጮቹ ሲቀየሩ እኛው ክፍል ውስጥ የተማርነው የሙቀት እኩልታ ሆኖ አረፈው። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ደስታው ግን ማመልከቻውን ሳነብ በረደ። የኒውዮርኩ ባሩክ ኮሌጅም ሆነ ካርኔጊ ሜለን የሚፈልጉት በካልኩለስ፣ በሊኒየር አልጀብራ፣ በፕሮባቢሊቲና በፕሮግራሚንግ የጠነከረ ተማሪ ነው። የማመልከቻውና የፈተናው ክፍያ በዶላር ነው። ከሁሉም ሪኮሜንዴሽኑ ከበደኝ።

ስቶካስቲክ ፕሮሰስ የሚያስተምሩት መምህር፣ ያችን «ሲ» የሰጡኝም እሳቸው ናቸው። ሌላ የሚቀርብ ሰው ስላልነበረኝ ኦፊሳቸው ገባሁ።

«እጽፍልሻለሁ» አሉኝ። «ግን ጎበዝ ናት ብዬ አልጽፍም። ያየሁትን ነው የምጽፈው። እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አየሁ?»

መልስ አጣሁ። ዝም ብዬ ቆይቼ፣ «እንግዲያው አራት ወር ይስጡኝ» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ የሠራኋቸውን ጥያቄዎች ይዤ እሄድ ጀመር። የብራውን እንቅስቃሴ ላይ ሦስት ሳምንት ቆየን። ቀጥሎ የኦፕሽን ዋጋ በፓይተን በማስመሰል ላሰላ ሞከርኩ፤ 10,000 የዋጋ መንገድ አውጥቼ አማካዩን ስወስድ ከቀመሩ ጋር አልገጥም አለ። ሁለት ቀን ኮዱን ስፈትሽ ከረምኩ። ለካስ ስህተቱ ኮዱ ላይ አልነበረም፤ ከወለዱ ላይ የቮላቲሊቲውን ካሬ ግማሽ መቀነስ ረስቼ ኖሯል። ያቺ ግማሽ ከኢቶ ቀመር ነው የምትመጣው። ፈተና ላይ ሸምድጄ የጻፍኳት ነገር ያን ቀን ገባችኝ።

የግል መግለጫዬ ላይ መጀመሪያ ያን ሴሚስተር ታምሜ ነበር ብዬ ጽፌ ነበር። ኧረ አልታመምኩም! ያልሠራሁት ስላልሠራሁ ነው። ሰረዝኩትና «ሲ ያገኘሁት በቂ ስላልሠራሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ግን ይኸው» ብዬ ፕሮግራሜን ከነስህተቱ ተረክኩት። መምህሬም ደብዳቤያቸው ላይ ስለ ሐሙሶቹ ጻፉ።

ሦስት ቦታ አመለከትኩ። ሁለቱ አይሆንም አሉ። ሦስተኛው፣ አውሮፓ ያለው፣ ተቀበለኝ፤ ስኮላርሺፕ ግን የለውም። ለእናቴ ስነግራት የአያቴን ወርቅ ልሽጥ አለች። ወርቁ ቢሸጥ የአንድ ሴሚስተሩን እንኳ አይሸፍንም። ቢሸፍንም እሺ አልልም ነበር። ያን ማታ አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

አሁን ወርልድኳንት ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን ያለክፍያ የሚሰጠውን የፋይናንሻል ኢንጂነሪንግ ማስተርስ ጀምሬያለሁ። መግቢያው የሒሳብ ፈተና አለው፤ እሱን ለማለፍ የረዱኝ እነዚያው ሐሙሶች ናቸው። በአፍሪካ ለሚቀርባችሁም በ2003 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን አጠገብ የተከፈተውን ኤይምስን ተመልከቱ።

ለምታመለክቱ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ደብዳቤ የሚጽፍላችሁን መምህር በመጨረሻው ሳምንት ሳይሆን ቀደም ብላችሁ፣ ውጤታችሁ ያነሰበትን ኮርስ ይዛችሁ ሂዱ። የሚያስፈራው የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው። እኔም ሐሙስ ሐሙስ አሁንም እዚያው ኦፊስ አልጠፋም፤ መጠየቅ የምትፈልጉ ብቅ በሉ።

መልካም ዕድል!