ልክን ስለ ማወቅ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ትንሽ ቤት ሳሠራ፥ 10 ከረጢት ሲሚንቶ በስንፍናዬ ከደጅ አሳደርሁ። ሌሊት ዝናብ ወርዶበት ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ግንበኛው አይቶ «ጋሼ፥ ገንዘብዎ ድንጋይ ሆነ» አለኝ። እኔም ያዘንሁት ለገንዘቡ ብቻ ነበር፤ ከገንዘቡ ሌላ ያጠፋሁት ነገር እንዳለ ያወቅሁት የሲሚንቶን አሠራር ከተማርሁ በኋላ ነው።

ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና የሸክላ አፈር ተፈጭቶ፥ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በሚግል ምድጃ ሲቃጠል ነው። በዚህ ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ከማገዶው ብቻ ሳይሆን ከራሱ ከድንጋዩም ይወጣል፤ እንዲያውም የሚበዛው ከድንጋዩ የሚወጣው ነው። ጋዙም በአየር ውስጥ ሲከማች የምድርን ሙቀት ይዞ ያስቀራል። በዓለም አማካይ ስሌት አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ሲሠራ 60 ኪሎ ያህል ጋዝ ይወጣል። እንግዲህ የእኔ 5 ኩንታል 300 ኪሎ ያህል ጋዝ አስወጥቶ ለማንም መጠለያ ሳይሆን ቀረ ማለት ነው።

ታዲያ ፋብሪካው ይዘጋ? አይደለም። ድልድዩም፥ ትምህርት ቤቱም፥ የሠራተኛውም እንጀራ ከእርሱ ነው። ደግሞም አየሩን ቀድመው የሞሉት ከ200 ዓመት በላይ የድንጋይ ከሰል ሲያነዱ የኖሩት ባለጸጎች አገሮች ስለ ሆኑ፥ ድኻውን አገር «አትሥራ» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን የሌላው ጥፋት ለእኛ ብክነት ፈቃድ አይሆንም።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው ዕቅድ፥ በቀድሞው መንገድ ቢኬድ በ2030 ዓመታዊው ጋዝ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ገምታ፥ ሀብቷን እያሳደገች ከ150 ሚሊዮን እንዳያልፍ ልክ አበጀችለት። ልክ ሥራን አይከለክልም፤ ብልኀትን ያስፈልጋል እንጂ። ለምሳሌ ፑሚስ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ምድጃ ሳይገባ ከተቃጠለው ጋራ ተፈጭቶ ሲቀላቀል፥ በሚቃጠለው የኖራ ድንጋይ ፈንታ ስለሚገባ ጋዙ ይቀንሳል። በአገራችንም ይህ ይሠራበታል።

እናንተ ወጣቶች ሆይ! ነገ መሐንዲስ ወይም የፋብሪካ ኀላፊ ስትሆኑ፥ «ስንት ኩንታል አመረትን?» ብላችሁ ስትጠይቁ «ምን ያህል ጋዝ አወጣን? ስንቱስ ባከነ?» ማለትን አትርሱ። መሥራት ኀጢአት አይደለም፤ ያለ ልክ ማባከን ግን በደል ነው። ያ ድንጋይ የሆነ ሲሚንቶ ዛሬም ከደጄ አለ፤ ስወጣ ስገባ ይከሰኛል።