ፊቷን ወደ ካርቱም ያዞረች ከተማ

ከጎሬ ቡሬን አልፎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ ልብስ ያስወልቃል። ጠዋት ጉም ውስጥ በጋቢ ተጀቡኖ ቡና የጠጣ መንገደኛ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ሲደርስ ሸሚዙ እንኳ ይከብደዋል።

የባሮን ወንዝ ገና ከድልድዩ ላይ ሳየው ወደድኩት። ካሜራ ማውጣት ክልክል ነው ብለው አስጠነቀቁኝ፤ ደግ አደረጉ፣ ጠግቤ አየሁት። ሰፊ ነው፣ አይቸኩልም። ፈረሱን የሚያጥብ ባይኖርም ባጃጁን የሚያጥብ ሞልቷል። ከታች ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ታንኳ ላይ ቆሞ የሚቀዝፍ ልጅ ባሕር ዳር ላይ ካየኋቸው ቀዛፊዎች ሁሉ ይበልጣል።

ይህ ውሃ ወርዶ ከፒቦር ጋር ሲገናኝ ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። የከተማዋም ታሪክ ከዚሁ ይመዘዛል። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀዱ። ጣቢያው የተተከለው ጋምቤላ ላይ ነው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ይመጡና ጨውና ጨርቅ ያራግፉ ነበር፤ ከጎሬ በጭነት ከብት የወረደውን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። በጋ ላይ ውሃው ስለሚጎድል መርከብ አልነበረም። አዲስ አበባ ሩቅ ነበረች።

ከከተማው ወጣ ሲሉ የአኙዋክ መንደሮች የወንዙን ዳር ይዘው ይከተላሉ። አንድ ግቢ ገባሁ። የጭቃው ግድግዳ በጣት በተሳሉ ሞገደኛ መስመሮች ተሸልሟል፤ ጭቃው ሳይደርቅ እጅ ያለፈበት ቦታ በግልጽ ይታያል። ውሃው ከሸሸበት ደለል ላይ በቆሎ በቅሏል።

«እማማ፣ ማዳበሪያ ትጠቀማላችሁ?» አልኳቸው የግቢውን እናት።

«ባሮ እያለ?» ብለው ሳቁብኝ።

ወደ ኢታንግ ሲቀርቡ ከብት ይበዛል። ግንባራቸው ላይ ስድስት መስመር ያለባቸው የኑዌር ሽማግሌዎች ከረጃጅም ቀንዶች መሃል ብቅ ይላሉ። ለእነሱ ወንዝ ማለት በበጋ ሣርና ውሃ ነው፤ ለአኙዋኩ እርሻና ዓሣ። በአንድ ዳር ሁለት ኑሮ ሲገናኝ ሁልጊዜ በሰላም አላለፈም፤ ደም የፈሰሰባቸው ዓመታት አሉ፣ ሰዎቹም ሲያነሱት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጋምቤላን በዜና ብቻ የሚያውቅ ግን ገበያዋን አያውቅም።

ገበያው ውስጥ የደረቀ ዓሣ፣ የማጃንግ ማር፣ ከደጋ የወረደ ሽንኩርት ጎን ለጎን ተዘርግቷል። አንድ ዘሩ ከከምባታ የሆነ ባለሱቅ በሦስት ቋንቋ ዋጋ ይከራከራል። ወላጆቹ በ1977ቱ ሰፈራ የመጡ ናቸው።

«እዚህ ተወልጄ ደገኛ ይሉኛል» አለኝ ሳሙና እየቆረሰ። «ከምባታ፣ ዱራሜ ስሄድ ደግሞ ‹የጋምቤላው ልጅ መጣ› ይሉኛል።»

«አንተስ ማን ነኝ ትላለህ?»

መልስ ሳይሰጠኝ አንዲት የኑዌር እናት መጡ። «ማሌ!» ብሎ በኑዌርኛ ሰላምታ ተቀበላቸውና ወደ ዋጋው ገባ።