አቀናባሪው ማን ነው?

የምትወዳቸውን አልበሞች ጥራ ብባል ቀድመው አፌ ላይ የሚመጡት እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት የወጡት ናቸው፦ የእጅጋየሁ ሽባባው «ጂጂ»፣ የቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ»፣ የዘሪቱ ከበደ «ዘሪቱ»፣ የሚካያ በኃይሉ «ሸማመተው»፣ የእዮብ መኮንን «እንደ ቃል»። ሰው በጉርምስናው የሰማው ዘፈን ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል ይባላል፤ እውነት ነው። የእኔ ፍቅር ግን የዕድሜ ጉዳይ ብቻ አይመስለኝም። እነዚህ አልበሞች ውስጥ ሙዚቃው ለዘፋኙ ቦታ ይለቃል። ጊታሩም ቤዙም ኪቦርዱም ድምፁን ለመሸፈን አይሽቀዳደሙም፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ይጠብቁታል። አልበም ስመርጥ ከሁሉ በፊት የምፈልገው ይህንን ነው።

ይህን መስማት ያስተማሩኝ ደሴ፣ እኛ ሰፈር ሙዚቃ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጋሼ ነበር የሚላቸው። ሱቃቸው ጠባብ ናት። ግድግዳዋ በዘፋኞች ፖስተር ተሸፍኗል፤ መስታወቱ ውስጥ ካሴቶች ተደርድረዋል፤ በሩ ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወደ መንገዱ የሚጮህ ስፒከር ተሰቅሏል። አዲስ ካሴት መግዣ ያልሞላለት ሰው ባለ ስልሳ ወይም ባለ ዘጠና ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣና የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ያስቀዳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ገና ያልወጣበት ጊዜ ነው፤ ማስቀዳትን እንደ ነውር የሚያየው አልነበረም።

ጋሼ ግን ምርጥ ምርጡን እየለቀመ የሚያስቀዳ ደንበኛ ደስ አይላቸውም። ገንዘቡን ይቀበላሉ፣ ሥራውን ይሠራሉ፣ ሰውዬው ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው «አልበም ከነሙሉው ነው የሚሰማው» ይሉኛል። አዲስ ካሴት ሲገባ ሌላው የዘፋኙን ፎቶ ሲያይ እሳቸው ሽፋኑን ከቤቱ አውጥተው ይዘረጉታል፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው በደቃቁ የተጻፈውን በጣታቸው እየተከተሉ ያነባሉ። ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ቀረጻ። ከዚያ ቀና ይሉና «አንተ ልጅ፣ አቀናባሪው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እዚያ ሱቅ ጎራ ሳልል ወደ ቤት አልገባም ነበርና ጥያቄው የየዕለት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ገበያው ቀዝቅዞ ሳለ፣ የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ከፈቱና «ዘፋኙን ተወው። ቤዙን ብቻ ያዝ፤ እስኪያልቅ እንዳትለቀው» አሉኝ። ማህሙድን መተው እንዴት ይቻላል? እሳቸው ግን ትሬብሉን ቀንሰው ቤዙን ከፍ አደረጉልኝ። ቀስ በቀስ ከሥር የሚሄደውን ሰው ሰማሁት። ድምፁ ሲወጣ እሱ ዝቅ ይላል፤ ማህሙድ ቃሉን ሲጨርስ እሱ ሁለት ሦስት ኖታ ጣል አድርጎ መልስ ይሰጠዋል። ጆቫኒ ሪኮ እንደሚባል፣ ባንዱ አይቤክስ እንደሆነ፣ ቀረጻውም እ.ኤ.አ. የ1975 እንደሆነ ያን ቀን ነገሩኝ። ከአይቤክስ ሮሃ ባንድ እንደወጣ፣ የሮሃ ጊታር ደግሞ የሰላም ስዩም እንደሆነም ጨመሩልኝ። እኔ ዘፈን ማለት ዘፋኝ ብቻ ነው ብዬ ባደግኩበት ሱቅ ውስጥ፣ ከዘፋኙ ኋላ የቆሙት ሰዎች አንድ በአንድ ስም አገኙ።

እሳቸው የሚያዝኑበት ዘመን ነበር። ባንዶቹ ተበትነው፣ አንድ ሰው አንድ ኪቦርድ ይዞ ቤዙንም የትንፋሽ መሣሪያውንም ከበሮውንም ለብቻው የሚሠራበት ጊዜ። በዚያ መንገድ የተሠሩ ጥሩ ጥሩ ዘፈኖችም አሉ፤ እኔ እስከ ዛሬ የምሰማቸው አሉ። ግን «ማሽን ሰው አይጠብቅም» የሚለው አነጋገራቸው ትክክል ነው። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ካሴቶች ላይ ዘፋኙ ከሪትሙ ኋላ እንዳይቀር ሲሮጥ ይሰማል።

«ጂጂ» እጄ የገባው በአጎቴ ነው። ለሠርግ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞት የመጣ ሲዲ ነበር። እኛ ቤት ሲዲ ማጫወቻ አልነበረም፣ ጋሼ ግን ነበራቸውና እየሮጥኩ ወሰድኩላቸው። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ያወጡት ወረቀቱን ነው። ሄርቢ ሃንኮክ የሚለው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ዌይን ሾርተር፣ ፋሮህ ሳንደርስ፣ ሄንሪ ትሬድጊል፦ እኔ ከእነዚህ አንዱንም አላውቅም፤ እሳቸው ግን የጃዝ ሰዎች መሆናቸውን ያውቁ ነበርና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እነዚህ ሁሉ ለእሷ ነው የተጫወቱት?» አሉ። አዘጋጁ ቢል ላስዌል ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው። ያሳተመው ፓልም ፒክቸርስ ደግሞ የቦብ ማርሌይን ሙዚቃ ለዓለም ያሰማው ክሪስ ብላክዌል ያቋቋመው ኩባንያ ነው።

ዲስኩ መሽከርከር ሲጀምር የሰማነው ግን የውጭ አገር ሙዚቃ አልነበረም። ቻግኒ ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ የቤተክርስቲያኑን ዜማና የገጠሩን እንጉርጉሮ በአንድ ጉሮሮ ይዛ፣ ማንንም ለመምሰል ሳትሞክር ትዘፍናለች። እነዚያ ታላላቅ የጃዝ ሰዎች እንደ ጨዋ እንግዳ የቤቱን ወግ ጠብቀው ነው የተቀመጡት፤ ሲጋበዙ ይናገራሉ፣ ሲበቃ ዝም ይላሉ። «አባይ» ላይ ድምፅዋ እየተሳበ ሲሄድ ሙዚቃው አያጣድፋትም። «አድዋ» ላይ ደግሞ ስለ ጦርነት የሚዘፈን ዘፈን ሁሉ ፉከራ መሆን እንደሌለበት ገባኝ፤ ለሞቱት ሰዎች ምስጋና የሚቀርብበት ለስላሳ ዘፈን ነው፤ እኔ ስለ አድዋ ከተዘፈኑት ሁሉ የማስቀድመውም እሱን ነው። ጋሼ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ሲያልቅ ሲዲውን አውጥተው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉና ወደ ቤቱ መለሱት።

ከዓመታት በኋላ ላስዌል ያንኑ አልበም ወስዶ አብዛኛውን ድምፅዋን አንስቶ፣ ቤዙንና ማሚቶውን አጉልቶ «ኢሉሚኔትድ ኦዲዮ» ብሎ እንዳወጣው ሳውቅ ፈልጌ አገኘሁት። አንዳንድ ወዳጆቼ ዘፈኑ ተቆርጦ የቀረ ይመስላቸዋል። ለእኔ ግን የተሠራበትን ውስጡን የሚያሳይ ነው፤ ድምፅዋ ከሩቅ ብቅ ብሎ ሲጠፋ፣ መጀመሪያውኑ ለእሷ ምን ያህል ቦታ ተለቆላት እንደነበር ይታወቃል። እሱ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2003፣ «አቢሲኒያ ኢንፊኒት» በሚል ስም የወጣው «ጽዮን ሩትስ»ም አለ። እዚያ ላይ ሙዚቃው ወደ አኩስቲክና ወደ ባህል መሣሪያው ያዘነብላል፤ ኪቦርድና ማሽን ሲቀንስ የእጅጋየሁ ድምፅ ምንም እንዳልጎደለው ይሰማል። ከሥራዎችዋ አንዱን ብቻ ያዝ ብባል እሱን ነው የምይዘው።

ስለ «አቡጊዳ» ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ ታክሲ ውስጥ፣ ሻይ ቤት፣ ሠርግ ቤት ያልሰማው የለም። ለእኔ ትልቁ ነገር ሽፋኑ ላይ ያነበብኩት ስም ነው፦ ኤልያስ መልካ። ከዚያ በኋላ ያንን ስም ካየሁ ዘፋኙን ባላውቀውም ካሴቱን እገዛ ነበር።

«ዘሪቱ» እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነበር። ዶርማችን ውስጥ አንድ ትንሽ ቴፕ ነበረች፣ የሁላችንም ናት፤ ለተራ እንጣላ ነበር። ያ ካሴት የገባ ሰሞን ጠቡ ቆመ፤ ሁላችንም አንድ ነገር ነበር መስማት የምንፈልገው። ከዚያ በፊት ሴት ዘፋኝ ስትባል ትዝ የሚለኝ እንደ አስቴር አወቀ ያለ ኃይለኛ ድምፅ ነው፤ ከፍ ሲል ጣሪያ የሚያስነሳ። ዘሪቱ የመጣችው በሌላ በር ነው። በሚነገርበት ድምፅ ትዘፍናለች። ቃሉ ከመውጣቱ በፊት የምትስበው ትንፋሽ ይሰማል፤ የቃሉ መጨረሻም ሳይጎተት እዚያው ይቀራል። ጊታሩ የሮክ ነው፤ ቅኝቱ ግን የእኛው ነው። «አርቲፊሻል»ን ስሰማ፣ ዘፈን የፍቅር ልመና ብቻ ሳይሆን አንድ ወጣት ሴት ስለምታየው ዓለም የምትናገርበት መድረክ ሊሆን እንደሚችል አየሁ። አጠገቤ የሚተኛው ልጅ፣ ከጎጃም የመጣ፣ ከባህል ዘፈን ሌላ የማይሰማ፣ አንድ ሌሊት ሁላችንም የተኛን መስሎት ካሴቱን ለብቻው ከፍቶ ሲሰማ ያዝነው። «ዝም በሉ እስቲ፣ ልጅቷን ልስማት» አለን።

ሚካያን ያገኘኋት ዘግይቼ ነው፤ አልበሟ ወጥቶ መንፈቅ ካለፈ በኋላ። «ሸማመተው» ላይ ያለው ድምፅ አይቸኩልም፣ አይጮህም፣ ራሱን ለማሳየት ቅንጣት አይሞክርም። በወጣትነቷ ማረፏን ስሰማ ያዘንኩት የማላውቀው ሰው እንደሞተ ሆኖ አይደለም። ዛሬም ያንን አልበም ሰው በበዛበት አልከፍተውም።

እዮብ መኮንን ግን አደባባይ ላይ የሚሰማ ነው። ጅጅጋ የተወለደው ይህ ልጅ ሬጌን ሲዘፍን ጃማይካዊ ለመምሰል አልሞከረም። በአማርኛ ሬጌ የሞከሩ ብዙዎች ቃሉን ለሪትሙ ሲሉ ይሰብሩታል፤ ማጥበቅ ያለበት ይላላል፣ መላላት ያለበት ይጠብቃል፤ ጆሮ ይጎረብጠዋል። «እንደ ቃል» ላይ አንድም ቃል ያለ ቦታው አይወድቅም። ሬጌው ራሱ አማርኛው በሚሄድበት እርምጃ ይሄዳል። ግጥሞቹም ረጋ ያሉ ናቸው፤ ይቅርታ፣ ታማኝነት፣ ቃልን መጠበቅ። ያን ጊዜ ሥራ ጀምሬ ነበርና ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ እሱን የከፈተ ቀን ቢሮ የምደርሰው ሌላ ሰው ሆኜ ነው። በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ታሞ ለሕክምና ናይሮቢ ሄዶ እዚያው አረፈ። አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም። የዚያን ሳምንት አዲስ አበባ ውስጥ የገባሁበት ካፌ ሁሉ ያንኑ አልበም ይዞ ነበር።

ከ«ጂጂ» በቀር እነዚህን ሁሉ ከሽፋናቸው ጀርባ የሚያገናኛቸው ያው ስም ነው። ኤልያስ መልካ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ የተማረ ሰው ነው፤ ስቱዲዮውን በገና ብሎታል። ቼሎ የተማረ አቀናባሪ ዝግ ያለ ድምፅ ያላቸውን ዘፋኞች መፈለጉ አይገርመኝም። ዘሪቱ ላይ ሮክ፣ እዮብ ላይ ሬጌ፣ ሚካያ ላይ ለስለስ ያለ ነገር አደረገ፤ ሦስቱ አልበሞች አይመሳሰሉም፣ እያንዳንዳቸው የዘፋኙን መልክ ይዘዋል። የእሱ ማህተም ያለው በጨመረው ሳይሆን በተወው ላይ ነው። ብዙ አቀናባሪ ባዶ ቦታ ሲያይ የሆነ ድምፅ ይጨምርበታል፤ እሱ ግን ክፍቱን ይተወዋል። በመጨረሻ ዓመታቱ የሙዚቀኛውን መብት ለማስከበር ሲሟገት፣ «አውታር» የተባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ከጓደኞቹ ጋር ሲጀምር ሰንብቶ፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በአርባ ሁለት ዓመቱ አረፈ። ብዙ ሰው ዘፈኖቹን ሁሉ በቃሉ እያወቀ ስሙን የሰማው ያን ዕለት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አቀናባሪ በሕይወት እያለ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ሬዲዮ ጣቢያዎቻችን ዘፈን ሲያስተዋውቁ ከዘፋኙ ስም ቀጥሎ የእሱን ስም ቢጠሩ አየር ላይ የሚፈጀው ሦስት ሰከንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ የወጡትንም እሰማለሁ። የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» ላይ ላስዌልን እንደገና አገኘሁት፤ ሮኩ ይጥማል፣ ድምፆቹ ግን አንዳንዴ ይጋፋሉ። የሃይሌ ሩትስ «ቺጌ» ጭፈራችንንና ሬጌን ያገናኘበት መንገድ ብልህ ነው። የሮፍናን «ነጸብራቅ» እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እንዲህ አገርኛ ሆኖ ይሰማል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ ማሽን ሰው ሊጠብቅ እንደሚችል ያሳየ አልበም ነው፤ ጋሼ ቢሰሙት ምን ይሉ እንደነበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

የዶርም ጓደኛዬ፣ ያ የጎጃሙ ልጅ፣ አሁን ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ታክሲ ይነዳል። ሲደውልልኝ መኪናው ውስጥ የተከፈተው ሙዚቃ ከድምፁ ቀድሞ ይደርሰኛል። ከእጅጋየሁ አልበሞች የሚያስበልጠው እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣውን «ጎልድ ኤንድ ዋክስ»ን ነው፤ ሪትሙ ለመንገድ ይመቻል ይላል። ለእኔ እዚያ ላይ ድምፁ ተደራርቦባታል። «እሺ፣ ጽዮን ሩትስን ማታ፣ ተሳፋሪ ሳይኖር ስማው» ብዬ ላክሁለት። ሰምቶ ደወለልኝ። አሁንም «ጎልድ ኤንድ ዋክስ» ይበልጣል ባይ ነው፤ እኔም አልለቅም።