መኪና የመጠገን ጨዋታና የእጅ ሥራ

ጨዋታ ለደከመ አእምሮ የሚሰጥ ዕረፍት ብቻ አይደለም፤ ሳያስታውቅ የሚያስተምር መምህርም ነው። ጉግስ ፈረሰኛውን ለጦር ሜዳ፥ ሰንጠረዥ መኰንኑን ለምክር፥ ገበጣም ልጁን ለቍጥር ያለማምድ እንደ ነበረ አባቶቻችን ያውቁ ነበር፤ ስለዚህም ልጆቻቸው ሲጫወቱ ቀርበው ይመለከቱ ነበር። በዛሬ ጊዜ ግን ልጆቻችን በኮምፒዩተር መስታወት ፊት ተቀምጠው ሲጫወቱ፥ እኛ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሌላ ክፍል ሆነን «ይህ ልጅ ዐይኑን አጠፋ» እንላለን እንጂ፥ ጨዋታው ምን እንደሚያለማምደው ቀርበን የምንመረምር ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ስለ ጨዋታ ሁሉ ሳይሆን፥ እኛው ራሳችን ጊዜ ሰጥተን ስለ ተጫወትነው ስለ አንዱ፥ እርሱም በቤተ ሰባችን ስላስነሣው ክርክር ነው።

እኛ በፍርድ ቤት በጸሓፊነት የምናገለግል ስንሆን፥ ከደብረ ብርሃን ለትምህርት መጥቶ በቤታችን የተቀመጠ የእኅታችን ልጅ አለ። ይህ ልጅ ከጥናቱ በኋላ ማታ ማታ የሚጫወተው «ካር ሜካኒክ ሲሙሌተር» የሚባለውን ጨዋታ ነው፤ ትርጓሜውም መኪና መጠገንን የሚያስመስል ማለት ነው። የሠሩት ሬድ ዶት ጌምስ የሚባሉ የፖላንድ አገር ሰዎች ሲሆኑ፥ የመጀመሪያው በፈረንጆች አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም.፥ በቤታችን ያለው ደግሞ በ2021 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የወጣ ነው። በዚህ ጨዋታ ጠላት የለም፥ ጥይት አይተኰስም፥ ደምም አይፈስስም። ያለው አንድ ጋራዥ ነው። በውስጡም መኪና ማንሻው፥ የጎማ ማውለቂያውና ማመዛዘኛው፥ ሞተር የሚሰቀልበት ማቆሚያውም በየቦታቸው ተደርድረዋል።

ሥራውም እንዲህ ነው። ደንበኛ መኪናውን ያመጣል፤ አንዳንዱ የሚለወጠውን ዕቃ ለይቶ ያስታውቃል፤ አንዳንዱ ግን ፍሬን ሲይዝ እንደሚጮኽ ወይም በወጣ ገባ መንገድ ላይ እንደሚንኳኳ ብቻ ነግሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የተጫዋቹ ፈንታ ነው። መኪናውን በማንሻ ከፍ አድርጎ ከሥሩ ይመረምራል፤ በሙከራው መንገድ ላይ ያሳልፈዋል፤ የሞተሩን ግፊትና የጎማውን ጥርስ በመለኪያ ይለካል። የእያንዳንዱ ዕቃ ደኅንነት ከመቶ ስንት እንደ ሆነ በቍጥር ይታያል። ያለቀውን ካገኘ በኋላ የፍሬኑን ሸራ ለመለወጥ የሚሻ አስቀድሞ የጎማውን ብሎኖች መፍታት፥ ጎማውን ማውለቅ፥ ከዚያም ሸራውን ያቀፈውን ካሊፐር ማንሣት አለበት። ሲገጥም ደግሞ መጨረሻ የወለቀው መጀመሪያ ይገባል፤ አንዱን ዘልሎ ሌላውን መግጠም ከቶ አይቻልም። ሥራው ሲፈጸም ገንዘብ ይከፈለዋል፤ በገንዘቡም መሣሪያ ይገዛል፥ ጋራዡንም ያሰፋል።

ይህን ሁሉ ያስተማረን ልጁ ነው። እኛ በወንበር ላይ፥ እርሱ በአጠገባችን ቆሞ፥ «ጋሼ፥ አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ይመልከቱ፥ ከዚያ ይፍቱ» ይለን ነበር። በዕድሜ አጋማሽ ላይ ያለ ሰው በልጅ እጅ ተማሪ ሲሆን ለቤቱ ሰው ሣቅ ነው፤ ነገር ግን ፊደል ሳይለይ ወደ ንባብ፥ ንባብ ሳይጸና ወደ ዜማ በማይታለፍበት ቤት ያደግን ስለ ሆንን፥ የነገሩ ሥርዓት እንግዳ አልሆነብንም።

ከሥርዓቱ ይልቅ ያስደነቀን ግን ምርመራው ነው። በፍርድ ቤት በኖርንበት ዘመን እንዳየነው፥ ባለ ጉዳይ የሚናገረው የሚያመውን ነው እንጂ የሕመሙን ምክንያት አይደለም። «ጎረቤቴ ድንበር ገፋኝ» ብሎ የመጣ ሰው፥ ነገሩ ሲመረመር ጠቡ የድንበር ሳይሆን ከዐሥር ዓመት በፊት ያልተከፈለ ውርስ ሆኖ ይገኛል። መኪናም እንደዚሁ ነው። ባለ መኪናው የሚሰማው መንኳኳቱን ነው፤ መካኒኩ ግን ከዚያ ሁሉ ብረት መካከል ያለቀችውን አንዲት ጎሚኒ ማግኘት አለበት። የሚንኳኳውን ሁሉ የሚለውጥ የሰውን ገንዘብ ያጠፋል፤ ምንም ሳይመረምር «ደኅና ነው» የሚልም የሰውን ነፍስ ያጠፋል። ስለዚህ መካኒክ ከዳኛ ጋር የሚጋራው ሥራ አለው፤ እርሱም ከምልክቱ አልፎ ምክንያቱን መፈለግ ነው።

ልጁ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናውን በፈጸመ ጊዜ፥ ወደ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ገብቶ የአውቶሞቢል ጥገና ለመማር እንደሚፈልግ ነገረን። እናቱ ይህን በስልክ በሰማች ጊዜ በማግሥቱ በአውቶቡስ መጣች። እርስዋ ታላቃችን ናት፤ ባልዋ ከሞተ ጀምሮ ልጅዋን ያስተማረችው ጠላና አረቄ እየሸጠች ስለ ሆነ፥ ተስፋዋ ሐኪም ወይም ጠበቃ ሆኖ እንድታየው ነበር። ከተቀመጠች በኋላ ቡናውን ሳትቀምስ፥ «ልጄን ይህን ያህል ዘመን ያስተማርኩት ከመኪና ሥር ተኝቶ ዘይት እንዲንጠባጠብበት ነውን? ሰው ምን ይለኛል?» አለች።

«ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ቃል የእኅታችን ብቻ አይደለም። በአገራችን ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚያወጣው፥ ሸማ የሚሠራው፥ ቆዳ የሚፍቀው ሰው ዕቃው ሲፈለግ ስሙ ሲናቅ ብዙ ዘመን ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ ጥበበኛን በሥራው ምክንያት የሚሰድብ እንዳይኖር ዐዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። የሚያስገርመውም፥ የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል ቤንትሌይ በተባለው እንግሊዛዊ እጅ አዲስ አበባ የገባችው በዚያው በ1900 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ጥበበኛን እንዳንንቅ የታዘዝንበትና ያለ ጥበበኛ አንድ ቀን የማይሄደው ዕቃ የገባበት ዓመት አንድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ መኪናው በየደጁ ሲቆም፥ ንቀቱ ግን ከአንዳንዱ ቤት ገና አልወጣም።

እኅታችንን በነገር ከመርታት በዐይንዋ ብታይ ይሻላል ብለን፥ ከእራት በኋላ ጨዋታው ወዳለበት ወሰድናት። ልጁ መኪናውን አነሣ፥ ጎማውን አወለቀ፥ አልቆ ሊጨረስ የቀረበውን የፍሬን ሸራ አሳያት። እኛም፥ «እትዬ፥ ይመልከቱ፤ የዚህ መኪና ጌታ የሚያውቀው ጩኸቱን ብቻ ነው። ልጅዎ ባያገኝለት ኖሮ ቍልቍለት ላይ ምን ይሆን ነበር?» አልናት። ረዥም ጊዜ ዝም ብላ ስትመለከት ቈየችና፥ «ደስ ይላል። ነገር ግን ይህ ጨዋታ ነው፤ እጁ አይቈሽሽም። አንተም የወደድኸው የማይቈሽሸውን ነው፤ እኔ የማስበው የሚቈሽሸውን ነው» ብላ መለሰችልን።

በብዙ ክርክር ላይ ተቀምጠን ጽፈናል፤ እንዲህ ያለ አጭርና የጠነከረ መልስ ግን ጥቂት ጊዜ ነው የሰማነው። በእውነትም ጨዋታው የሚያሳየው ሥርዓቱን እንጂ ክብደቱን አይደለም። በመስታወቱ ውስጥ ሞተር ሲወጣ ወገብ አይቈረጥም፤ ብሎን ሲፈታ ጣት አይላጥም፤ አንድ ዕቃ ሳይገጠም ቢረሳ ጨዋታው ራሱ ያስታውሳል። ልጁም ይህን ነገር ሲሰማ አልተከራከረም፤ ይልቁንም ሌላ ጨዋታ ከፍቶ አሳየን። ይኸውም «ማይ ሰመር ካር» የሚባል፥ በፊንላንድ አገር የተሠራ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. ለተጫዋቾች ቀርቦ በ2025 ዓ.ም. መጀመሪያ የተፈጸመ ጨዋታ ነው። የሚያሳየውም በ1995 ዓ.ም. የበጋ ወራት በፊንላንድ ገጠር የሚኖር አንድ ወጣት፥ ተበታትኖ የተቀመጠ አሮጌ መኪና ሲገጥም ነው። በዚህኛው ጨዋታ የሚመራ የለም። ለእያንዳንዱ ብሎን ልኩ የሆነውን ቍልፍ መርጦ እስከ መጨረሻው ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ በደንብ ያልጠበቀው ብሎን እየላላ ሄዶ ዕቃው ይወልቃል፤ ተጫዋቹም በመንገድ አደጋ ሊሞት ይችላል። ከሁለቱ ጨዋታዎች የመጀመሪያው ሥርዓትን፥ ሁለተኛው ፍርሃትን ያስተምራል፤ ለመካኒክ ግን ሁለቱም ያስፈልጉታል።

በመጨረሻ ሦስታችን እንዲህ ተስማማን። ልጁ ሐምሌንና ነሐሴን በደብረ ብርሃን ከእናቱ ጋር ተቀምጦ በሰፈራቸው ባለው ጋራዥ ያለ ደመወዝ እንዲያገለግል፥ ከዚያም በኋላ ልቡ እንደ ቀድሞው ከሆነ ወደ ኮሌጁ እንዲገባ፥ እናቱም እንዳትከለክለው ሆነ።

በጳጉሜን ልንጠይቃቸው በሄድን ጊዜ ልጁን ከስቶ፥ ጥፍሩም ጠቍሮ አገኘነው። ጨዋታው ረድቶት እንደ ሆነ ብንጠይቀው፥ «ጋሼ፥ የዕቃውን ስምና ቦታ ስለማውቅ ስታዘዝ አልተደናገርሁም፤ የፈታሁትንም በተርታ ስለማስቀምጥ አልጠፋብኝም። ነገር ግን በጨዋታው ብሎን አይዝግም፤ እዚህ አንዱን ለመፍታት ናፍታ አጠጥተን ከጧት እስከ ምሳ የጠበቅንበት ቀን አለ። በጨዋታው የዕቃው ማለቅ በቍጥር ተጽፎ ይታያል፤ እዚህ በጣት ተዳስሶ፥ በጆሮ ተሰምቶ፥ በአፍንጫ ተሽትቶ ነው» አለን። ቀጥሎም አንድ ነገር ነገረን። የአንድ የጭነት መኪና የኋላ ፍሬን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ፥ እርሱ ብሎኖቹን አጥብቆ ቆሞ ሳለ፥ አለቃው ቍልፉን መልሶ በእጁ ሰጠውና፥ «ይህ መኪና ነገ ጫኑን ይዞ ጣርማ በርን ይወርዳል፤ እንደ ገና አንድ በአንድ ሞክረው» አለው። ያን መንገድ የሚያውቅ ሰው የቃሉን ክብደት ያውቃል። ልጁም፥ «ሹፌሩን በዐይኔ አይቼው ነበር፤ ልጁንም በአጠገቡ አስቀምጦ ነበር። ያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለን። ይህን ዕንቅልፍ ማጣት ማናቸውም ጨዋታ አይሰጥም፤ የሙያ መጀመሪያውም እርሱ ይመስለናል።

ስለ እናቱ ደግሞ ልጁ እንደ ነገረን፥ በመጀመሪያው ሳምንት የሥራ ቱታውን የምታጥበው ከሌላው ልብስ ለይታ ሲሆን፥ የምታሰጣውም ከቤቱ በስተ ኋላ ሰው በማያይበት ነበር። እኛ በሄድን ጊዜ ግን ቱታው ታጥቦ፥ ዘይቱ ፈጽሞ ባይለቅም፥ በመንገዱ በኩል ባለው ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየን። አንዲት ጎረቤት በደጅ ስታልፍ፥ «የማን ነው ይህ?» ብላ ብትጠይቅ፥ እኅታችን ከእንጀራ ምጣድዋ ቀና ሳትል፥ «የልጄ ነው» አለች። ስለ ኮሌጁም ከዚያ በኋላ ክርክር አልተነሣም፤ በመስከረም ተመዘገበ።

እንግዲህ ከዚህ ነገር ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር እናወጣለን። መጀመሪያ፥ ልጅ የሚወደውን ጨዋታ ከመከልከል በፊት አንድ ማታ አብሮ መጫወት ይገባል፤ ልጅ መምህር ሲሆን በሌላ ጊዜ የማይነግረንን ልቡን ይነግረናልና። ሁለተኛ፥ ለጨዋታው ሰዓት ሊወሰንለት ይገባል፤ በቤታችን ከጥናት በኋላ አንድ ሰዓት ነበር፥ እርሱም በቅቷል። ሦስተኛ፥ ልጁ በጨዋታው ውስጥ የአንድን ሙያ ፍቅር ያገኘ እንደ ሆነ፥ ጨዋታውን ሙያ ነው ብሎ ሳያታልል፥ ሙያውንም ውርደት ነው ብሎ ሳያሳፍር፥ ወደ እውነተኛው ጋራዥ ወስዶ ማስሞከር ነው። በዚያ ፍቅሩ ይጠፋ እንደ ሆነ በጊዜ ይጠፋል፤ ይጸና እንደ ሆነም በዘይትና በዝገት መካከል ይጸናል።

ከዚህም ጋራ የተከበራችሁ አንባቢዎች፥ መኪናችሁን ወደ ጋራዥ በወሰዳችሁ ጊዜ፥ ከመኪናው ሥር ተኝቶ እግሩ ብቻ የሚታየውን ሰው በስሙ ጥሩት። ከልጆቻችን ጋራ ቍልቍለት የምንወርደው እርሱ ባጠበቀው ብሎን ታምነን ነውና።