ብርድ የሚሸጥበት ከተማ

እኛ ብርድን የምናውቀው በጋቢና በከሰል ስንሸሸው ነው። ገንዘብ ከፍሎ ብርድ ፍለጋ የሚሄድ ሰው አለ ቢሉን ልጆች ሳለን በሳቅ ፍርስ እንል ነበር።

ግን አለ! የስዊዘርላንዷ ሴንት ሞሪትዝ የምትኖረው በዚሁ ነው። በ1864 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ባድሩት የሚባል ባለሆቴል፣ በጋውን እሱ ዘንድ ያሳለፉ እንግሊዛውያን በበረዶው ወራትም እንዲመጡ፣ ካልተደሰቱ የመንገዳቸውን ወጪ ሊችል ተወራረደ ይባላል። መጡ፤ እስከ ፋሲካ ሰነበቱ። በ1928 እና በ1948 ደግሞ ከተማዋ የክረምት ኦሊምፒክ አስተናገደች። ልብ በሉ፣ አዲስ አበባ ከሴንት ሞሪትዝ በ500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች! ለምድር ወገብ ስለቀረብን እንጂ በከፍታስ አንታማም።

አንዷ ጓደኛችን እዚያ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። የበረዶ ፎቶ በላከችልን ቁጥር «አለፈልሽ!» እንላታለን። ባለፈው ስንደውል ስለ በረዶ ሸርተቴው ጠየቅናት። ሳቀች። በሁለት ክረምት አንድ ቀን እንኳ እግሯ ላይ አላሰረችውም። እንግዶቹ ተራራ ሲወጡ እሷ ክፍላቸውን ታጸዳለች፤ ማታ ኪራይ ረከስ ወደሚልበት ሸለቆ በአውቶቡስ ትወርዳለች።

«ታዲያ ፎቶው ምንድን ነው?» አልናት።

«ለእማዬ ነዋ! አደራ፣ እንዳትነግሯት።»

እሑድ እናቷን ልንጠይቅ ሄድን። ፎቶውን በፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ትኩር ብለው አዩትና፣ «ይበርዳት ይሆን?» አሉን።

«ኧረ ለምዳዋለች፣ እማማ» አልናቸው።