ስለ እፉኝት ልጅ

አንባቢ ሆይ፥ ሳይመረመር የተነገረ ምሳሌ ሰውን እንደሚያቆስል ዘግይቼ ስለ ተረዳሁ፥ በራሴ ቤት የሆነውን ለመጻፍ ተነሣሁ።

እኅቴ በወሊድ ስለ ሞተች ልጇን በላሊበላ ከእናቴ ጋራ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ዕድሜው ሲደርስ በዋድላ የተማርሁትን ቅኔ ላስተምረው ደከምሁ፤ እርሱ ግን ከጉባኤ ቃናው ይልቅ በድንጋይ ካብ ሥር የሚሹለከለከውን ሲመለከት ይውል ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ከንብ ቀፎዎቼ አጠገብ ከጭቃና ከጭራሮ ትንሽ ቤት ሠርቶ፥ ውኃ በገል አስቀምጦ፥ አንድ ቀጭን እባብ ሲያኖር አገኘሁት። እባቡን በበትር ገደልሁት፤ ልጁንም «አንተ የእፉኝት ልጅ!» ብዬ ሰደብሁት።

የዚህን ስድብ ትርጓሜ በአገራችን የማያውቅ የለም። እፉኝት ስትወልድ ልጆቿ ሆዷን ቀደው ይወጣሉ፥ እርሷም ትሞታለች ይባላል። እናቱ በወለደችው ቀን ለሞተችበት ልጅ ይህን መናገር ምን እንደ ሆነ፥ ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ ዐወቅሁ። ነገር ግን መምህሩ ነኝና ይቅርታ ለመጠየቅ አፈርሁ። ልጁም ምንም አልመለሰልኝም።

ነገሩን እኔ አልፈጠርሁትም። ከጽርእ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የአራዊትን ጠባይ ሲተርክ ስለ እፉኝት ይህንኑ ያወሳል። እኛም ባለቅኔዎች ወላጁን ስለሚከዳ ልጅ መናገር በፈለግን ጊዜ እፉኝትን ሰም እናደርጋለን። እኔም በዚህ ሰም ብዙ ቅኔ ቈጥሬ ተመስግኜበታለሁ።

ልጁ አድጎ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ። በዚያም ቀን በሥራው ውሎ ማታ የሚደሰትበት ነገር እባብ ማኖር ሆነ። በመጀመሪያ ስሰማ አእምሮው የታወከ መሰለኝ፤ በስልክ ሲያስረዳኝ ግን ሥርዐት ያለው ሥራ መሆኑን አስተዋልሁ። በዚያ አገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1976 ዓመት በወጣ ሕግ፥ እፉኝትን የመሰለ መርዛም እባብ በቤቱ ሊያኖር የሚወድ ሰው ከአካባቢው ሹማምንት ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ የእንስሳት ሐኪምም ስፍራውን ይመረምራል።

ሣጥኑ ከእንጨት የተሠራ፥ ፊቱ መስተዋት የሆነ፥ በቍልፍ የሚዘጋ ነው። አየር በደቃቅ የሽቦ ወንፊት ይገባል። እባብ እንደ እኛ ከሰውነቱ የሚያመነጨው በቂ ሙቀት ስለሌለው፥ የሣጥኑ አንድ ወገን እስከ 32 ዲግሪ ይሞቃል፤ ሌላው ወገን ወደ 25 ዲግሪ ይበርዳል፤ እባቡም እንደ ፍላጎቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። መሸሸጊያ ያጣ እባብ ከፍርሃት የተነሣ ምግብ እምቢ ስለሚል፥ የዛፍ ቅርፊት ይደረግለታል። የሚመገበው አስቀድሞ የሞተ አይጥ ነው። እፉኝቷን በረጅም ሜንጦ እንጂ በእጁ አይነካትም። «ለመደችህን?» ብዬ ብጠይቀው፥ «እርሷስ አትለምደኝም፤ ጠባይዋን የለመድሁ እኔ ነኝ» አለኝ።

ባለፈው ዓመት አንድ ምስል ላከልኝ። እፉኝቷ ሠላሳ አንድ ልጆች ወልዳ ነበር። እፉኝት እንደ ብዙዎቹ እባቦች እንቍላል አትጥልም፤ ልጆቿ በሆዷ አድገው፥ በስስ ሽፋን ተጠቅልለው በተፈጥሮ መንገድ ይወለዳሉ። የሚቀዱትም ያን ሽፋን እንጂ የእናታቸውን ሆድ አይደለም። ከምስሉ በታች የጻፈው፥ «የኔታ፥ እናቲቱ ደኅና ናት» የሚል ቃል ብቻ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ተረቱ ከወዴት እንደ መጣም አሰብሁ። ምናልባት በቆላ ያለ ገበሬ ያረገዘች እፉኝት በበትር መትቶ፥ ሆዷ ተተርትሮ ልጆቿ በሕይወት ሲወጡ አይቶ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ፥ እናቲቱን የገደላት በትሩ ሳለ በደሉ በልጆቹ ላይ ተጻፈ።

አባቶቻችን አቡነ አረጋዊ ወደ ደብረ ዳሞ የወጡት እባብ ተሸክሟቸው ነው ብለው ይተርካሉ። ከተማችንም የተጠራችው ንብ ንግሥናውን ዐወቀችለት በተባለው ንጉሥ ስም ነው። ለምትናደፈው ንብ ቀፎ ሠርቼ፥ በእበት መርጌ፥ ከብርድ የምጠብቅ ሰው፥ ሕፃኑ የሠራውን የጭቃ ቤት አይቶ ሥራውን ማስተዋል በተገባኝ ነበር።

ይህን ስል ማንም እፉኝትን በቤቱ ያኑር ማለቴ አይደለም። መርዟ ሥጋን ያበሰብሳል፥ ሰውንም ይገድላል፤ የተነደፈ ሰው ቍስሉን ሳይበጣ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ።

ለእኅቴ ልጅ፥ ሃያ ዓመት ያህል ያዘገየሁትን ይቅርታ ጽፌ ላክሁለት። እርሱም፥ «የኔታ፥ እግዚአብሔር ይፍታ። ያ የገደሉት እባብ ግን መርዝ አልነበረውም» ብሎ መለሰልኝ። አሁን ደቀ መዝሙር እፉኝትን ሰም አድርጎ ቅኔ ሲያቀርብልኝ አስቆመውና ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰም ይፈልጋል።