«ድመቷ ካልሄደች እኔም አልሄድም»

ባለቤቴና እኔ በባለትዳሮች የምክር አገልግሎት ብዙ ዓይነት ጠብ ሰምተናል። የገንዘብ፣ የአማት፣ የስልክ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ ብር። በድመትና በአውሮፕላን ምክንያት የተኳረፉ ባልና ሚስት ግን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ታሪካቸውን የምጽፈው ፈቅደውልኝ ነው፤ ስማቸው ግን ይቅር።

በቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ የሚኖሩ የጉባኤያችን ልጆች ናቸው። ያን ጊዜ ከተጋቡ 11 ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ልጅ የላቸውም። ሁለት ጊዜ ፀንሳ ሁለቱም አልቆዩላትም። ከሁለተኛው በኋላ አንዲት ግልገል ድመት አምጥታ፣ እንደ አገር ቤት ልጆች «ውሮ» ብላ ጠራቻት። እሱ ደግሞ በዚያው ሰሞን በረራ መማር ጀመረ። ሁለቱም ኀዘናቸውን ይዘው የሄዱበት ቦታ ነው ብዬ አስባለሁ፤ እሷ ወደ ድመቷ፣ እሱ ወደ ሰማይ። የአብራሪነት ፈቃዱን ካገኘ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ትንሽ አውሮፕላን እየተከራየ ብቻውን ይበርራል። «ነይ» ይላታል። «ውሮን ለማን ጥዬ?» ትለዋለች። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት አለፈ።

በቤተ ክርስቲያን «በልጅ ፈንታ ድመት ታቅፋ» የሚሉ አልጠፉም። ይህ አነጋገር ያስቆጣኛል። እርግጥ ነው፣ በ66ቱ መጻሕፍት ውስጥ የቤት ድመት በስሟ አልተጠቀሰችም። ነገር ግን ነቢዩ ናታን በዳዊት ፊት ሲቆም (2ኛ ሳሙኤል 12) የተናገረው፣ በቤቱ ስላሳደጋትና ከራሱ ምግብ ስላካፈላት አንዲት በግ ነው። ናታን በዚያ ድሃ ሰው ፍቅር አልሳቀም፤ ዳዊትም አልሳቀም። ምሳሌ 12፥10 ደግሞ ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ እንደሚራራ ያስተምራል። ሁለት ጊዜ ባዶ እጇን ከሐኪም ቤት የተመለሰች ሴት ምን እንደምታቅፍ የሚወስንላት ማን ነው?

ወደ ነገሬ ልመለስ። እናቷ ከአዲስ አበባ ሂዩስተን፣ እህቷ ዘንድ መጡ። በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ በትንሿ አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል። ባልየው «አብረን እንብረር» አለ። እሷም እኛ ሳሎን ቁጭ ብላ ይህን ጽሑፍ ርዕስ የሆነውን ቃል ተናገረች። ሁለቱ ወንዶች ሳቁ። እኔ ግን «ይቻላል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «በግል አውሮፕላን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ኃላፊነቱ የአብራሪው ነው» አለኝ። «እንግዲያው ኃላፊነቱን ውሰድ» አልኩት።

ወሰደ። በዚህ ነገር ያልጠየቀው ሰው የለም። ድመት በአውሮፕላን መሄድ አዲስ ነገር እንዳልሆነም የነገረኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ጆን ሞይሳንት የተባለ አሜሪካዊ መካኒኩንና አንዲት ግልገል ድመት ይዞ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለውን ባሕር በአውሮፕላን ተሻግሯል። ይኸው ሰው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ኒው ኦርሊንስ ላይ ሊያርፍ ሲል ከአውሮፕላኑ ተወርውሮ ሞተ። «ስለዚህ መጀመሪያ ቀበቶ» አለ ወንድማችን። የውሮን ሳጥን በኋላ መቀመጫ ላይ በቀበቶ ጥርቅም አድርጎ አሰረው። በረራ ላይ ሳጥኑ በምንም ምክንያት አይከፈትም። የፈራች ድመት ጠባብ ቦታ ትፈልጋለች፤ በትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ደግሞ ጠባቡ ቦታ አብራሪው በእግሩ ከሚረግጣቸው ፔዳሎች ሥር ነው። ፔዳሉ ከተያዘ አውሮፕላኑን በአግባቡ ማዘዝ አይቻልም።

«የእንቅልፍ መድኃኒት ቢሰጣትስ?» የሚል ምክር ከብዙ ሰው መጣ። የእንስሳት ሐኪሟ አልተስማማችም፤ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከፍታ ላይ ትንፋሽንና የደም ግፊትን ሊያውክ ይችላል። የሚያረጋጋ ነገር የግድ ካስፈለገም ሐኪም አይቶ የሚያዝዘው፣ አስቀድሞም ቤት ውስጥ የሚሞከር መሆን አለበት አለች።

ስለዚህ መድኃኒቱ ልምምድ ሆነ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሞተሩ ሳይነሣ ውሮ በሳጥኗ ሆና አውሮፕላኑ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀመጠች። በሁለተኛው ሞተሩ ተነሣ፤ መሬት ላይ ብቻ። ሄድሴት ለድመት አይሆንም፣ ጆሮዋም ከእኛ እጅግ የሠላ ነው፤ ስለዚህ አየር እንዳያጥራት እየተጠነቀቀ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ከፊል ሸፈነው። በሦስተኛው ቅዳሜ ዐሥር ደቂቃ በረሩ።

ሚስትየዋ እነዚህን ሦስት ቅዳሜዎች ሁሉ አብራ ሄዳለች፤ ድመቷን ብቻዋን አትሰጠውማ! ባሏ ከመብረሩ በፊት ምን እንደሚያደርግ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ከክንፉ ሥር ነዳጅ በትንሽ ብርጭቆ ቀድቶ፣ ውኃ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ወደ ብርሃን አንሥቶ ያያል። ማጠፊያውን ሁሉ በእጁ ይዳስሳል። የተጻፈ ዝርዝር ይዞ ጣቱን በየመስመሩ ያስኬዳል። አንድ ቀን ንፋሱ ስላላማረው ገና ሳይነሡ ተዉት፤ ያለ ጭቅጭቅ ወደ ቤት ተመለሱ። በማግስቱ ደወለችልኝ። «እትዬ፣ እኔ እኮ በሕይወቱ የሚጫወት ይመስለኝ ነበር። በር ዘግቶ ሲወጣ ሁልጊዜ ሦስተኛዬን የምቀብር ይመስለኝ ነበር» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ውሮን ለማን ጥዬ?» ስትል የኖረችው ይህን ነበር። እሱ ግን የሰማው ስለ ድመት ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በብዙ ቤት አለ፤ ሚስት የምትናገረው ሌላ፣ የምትፈራው ሌላ።

ወደ ሂዩስተን ስንሄድ እኔም ተሳፈርኩ፤ «ከውሮ ጎን የሚቀመጥ የታመነ ሰው» ተብዬ ነው። ሴስና 172 አራት መቀመጫ አላት፣ ክብደትም ትቆጥራለች። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ኪሎዎ ስንት ነው?» አለኝ። ለባለቤቴ ያልነገርኩትን ቁጥር ለእሱ ነገርኩት። የድመቷንም ከነሳጥኗ መዝኖ ጻፈ። በነገራችን ላይ፣ አንዳንድ ወገኖች «ለምን ሰው እያመላለሰ ገንዘብ አይሠራም?» ይሉታል፤ የግል አብራሪ ተሳፋሪን ማስከፈል በሕግ አይፈቀድለትም፣ የነዳጁንና የኪራዩን ወጪ ድርሻ ድርሻቸውን መካፈል ግን ይችላሉ።

ወሩ ነሐሴ ስለነበረ ገና ሳይነጋ ተነሣን። በቴክሳስ ፀሐይ የቆመ አውሮፕላን ውስጡ እንደ ምድጃ ነው፤ መሬቱ ሲሞቅ አየሩም ያንገጫግጫል። ውሮ ቁርስ አልበላችም፤ ሳጥኗ ውስጥ የሚመጥ ጨርቅ ተነጥፎላታል። ስንነሣ ጮኸች፣ ከዚያ ዝም አለች። ዝምታዋ አስፈራኝና በብርድ ልብሱ ጠርዝ ስመለከት ዓይኗን ገልጣ ተኝታለች።

የበረርነው በ5,500 ጫማ ከፍታ ነው። ትንሿ አውሮፕላን እንደ ትልልቆቹ የውስጥ አየሯ ተጨምቆ አይያዝም፤ ሆኖም አዲስ አበባ እንኳ ከ7,500 ጫማ በላይ ናት። የመርካቶ ድመቶች ከውሮ በላይ ይኖራሉ ማለት ነው! የሚያስቸግረው መውረዱ ነው። እኛ ጆሯችን ሲደፈን ምራቅ እንውጣለን፤ ለድመት «ዋጪ» አይባልም። ስለዚህ በደቂቃ 300 ጫማ ብቻ እየቀነሰ፣ ከማረፋችን 20 ደቂቃ ያህል ቀድሞ መውረድ ጀመረ። እሷ ከፊት ከጎኑ ተቀምጣ ቁጥሩን ከመሣሪያው ላይ ታነብለት ነበር። በሄድሴቴ የሚሰማኝ የሁለቱ ድምፅ ብቻ ነው። «አራት ሺህ።» «እሺ።» «ሦስት ሺህ ስምንት መቶ።» «እሺ፣ የኔ እመቤት።» በእኛ ቢሮ ስድስት ጊዜ ተቀምጠው እንዲህ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም።

እናትየዋ ሳጥኑን አይተው የልጅ ልጅ እንደማይሆን ያውቃሉ፤ ቢሆንም ተቀብለው ሳሙት።

ስለ ልጅ አሁንም አብረናቸው እንጸልያለን። አብረው መብረራቸውን አልተዉም፤ ዝርዝሩን የምታነበው እሷ ናት፣ ደመናው ካላማራት «ዛሬ አይሆንም» የምትለውም እሷ። ባለፈው ፋሲካ አየሩ ከፍቶ በመኪና ሄዱ። ውሮ ሂዩስተን እስኪደርሱ አራቱንም ሰዓት ጮኸች አሉኝ።